አደ ጫልቱን በቁሟ የቀበርኩበት እሁድ

በዚያ እሁድ ጠዋት አንዲት ደህና የነበረች ሴት ገደልኩ። መሣሪያዬ ማይክሮፎን ነበር። ያደረግኩት አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እያየኝ ነው፤ ተው ያለኝ ግን አልነበረም። እንዲያውም ሁሉም ቆሞ አገዘኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ስሜ ተክሌ ነው። ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ደብዳቤ ቁጥር እየሰጠሁ፣ ወደሚመለከተው ክፍል እየመራሁ ኖሬአለሁ። አንድም ደብዳቤ ጠፍቶብኝ አያውቅም እያልኩ ስጎርር ልጆቼ አድገው፣ አግብተው፣ ወልደዋል። ይህን ጉራ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

መካኒሳ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችንም ጸሐፊ ነበርኩ። እኛ ፕሬስቢቴሪያን ነን። ቃሉ አያስደንግጣችሁ፤ እኔም አስተካክዬ ለመጥራት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ባጭሩ ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚመሯት ምእመናን የመረጧቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ከቄሱ ጋር ተቀምጠው ይመክራሉ፣ ይወስናሉ። የወሰኑት በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። የተጻፈው እንደ ሆነ ይቆጠራል፣ ያልተጻፈውም እንዳልሆነ። ታዲያ እስክሪብቶውን የያዘው ማን ነው? እኔ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ የተመሠረተችበት በዓል ሲደርስ ታሪኳን የሚጽፍ ተፈለገ። ከቀድሞዎቹ መካከል በሕይወት ያለ፣ ዓይኑ ያልፈዘዘ፣ ስብሰባ ላይ እምቢ ማለት የማይችል ሰው ቢፈለግ እኔ ብቻ ተገኘሁ። ጻፍኩ። ታተመ። በዕለቱም ግራጫ ኮቴን ለብሼ፣ ሙሉ የምትባለው ባለቤቴ ክራባቴን አስራልኝ፣ መድረክ ላይ ወጥቼ አነበብኩ።

የታሪካችን መጀመሪያ የአንዲት ሴት ሳሎን ነው። አደ ጫልቱ ትባላለች፤ «አደ» በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ያለ ማክበሪያ ነው። ከወለጋ የመጡ ጥቂት ቤተሰቦች መጀመሪያ የተሰበሰቡት እሷ ዘንድ ነው። ኋላ ደርግ ጸሎት ቤታችንን ሲዘጋው ተመልሰን የገባነውም እዚያው ሳሎን ነው። ቀበሌ መጥቶ «ይሄ ሁሉ ሰው እሁድ እሁድ ምን ይሠራል?» ሲላት «የልጄ ልደት ነው» አለች። በሚቀጥለው እሁድም የልጇ ልደት ሆነ። ፈይሳ የሚባለው ልጇ በዚያ ዓመት ሃምሳ ሁለት ጊዜ ተወለደ። እኔ ያኔ ሚስት የሌለኝ ጎረምሳ ነበርኩ። በር ጠብቅ ተብዬ ነበር፤ ነገር ግን በሩን የምጠብቀው የልደቱ ዳቦ ካለበት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ቀበሌ ቢመጣ የሚያገኘኝ አፌን ሞልቼ ነበር።

ይህን ሳነብ ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ሳቁ ሲጥመኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩና ወደ መጨረሻው ገጽ ተሻገርኩ። «ወደ ጌታ የሄዱ መሥራቾቻችን» ይላል። ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራሁ። ሦስተኛዋ አደ ጫልቱ ነበረች። ቄስ ዮናታን «እባካችሁ ለአንድ ደቂቃ ቆመን በጸጥታ እናስባቸው» አለ። (ቄስ ስለሆነ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር። ግን ሽንት ጨርቁ ሲቀየርለት ስላየሁ አንደበቴ እምቢ ይለኛል።)

ሕዝቡ ቆመ። ጸጥ አለ። ደቂቃዋ አልቃ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንዲት ነጠላ የለበሰች አሮጊት እንደ ቆመች ቀረች። በከዘራዋ ላይ ተደግፋለች።

«እኔም ቆሜ አሰብኳት» አለች። «ደግ ሴት ነበረች። አሁን ልቀመጥ?»

አደ ጫልቱ ነበረች።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ሰው ዞሮ አያትና «ውይ!» አለ፤ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠግቼ «አደ ጫልቱ! ትንሣኤውን በዚህ ፍጥነት አልጠበቅነውም!» አልኩ። ሕዝቡ እንደገና ፈነዳ። እሷም ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ከመድረክ ስወርድ አንዱ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ጋሽ ተክሌ፣ አንተ እኮ ከጉድጓድም በቀልድ ትወጣለህ» አለኝ።

እኔ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ለማየት አልደፈርኩም። ምክንያቱን ማንም አያውቅም።

ከብዙ ዓመታት በፊት ያ ሃምሳ ሁለት ጊዜ የተወለደው ፈይሳ ታመመ። ኩላሊቱን ነበር። አደ ጫልቱ ባሏ ሞቷል፤ ያላትን ሸጠች፤ አልበቃም። በመጨረሻ ያንኑ ሳሎን አረቄ መሸጫ አደረገችው። በእኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሽማግሌዎች ጠርተው አነጋገሯት፤ «ልጄ እስኪድን ነው» አለች። ከጌታ እራት፣ ቁርባን ከምትሉት ማለቴ ነው፣ ታገደች። የእገዳውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያንን በማግስቱ አደረስኩት። ከባድ ደብዳቤ ለማድረስ እግሬ ፈጣን ነበር።

ልጇ ዳነ። እሷም የአረቄውን ጀሪካን ሁሉ ደፍታ ጉባኤው ፊት ቀረበችና «ትቻለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው እገዳውን አነሡ። ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ትልቅ ሰው ደብዳቤውን ቃል በቃል አጻፉኝ፤ ፈረሙበት። «ቤቷ ድረስ ሄደህ፣ በእጅህ ሰጥተህ፣ አብረሃት ጸልየህ ና» አሉኝ። በዚያው ሰሞን ሠፈሯ ለመንገድ ፈርሶ ለቡ መብራት ኃይል ወደሚባለው ሠፈር ሄዳ ነበር።

ቅዳሜ ተነሣሁ። ታክሲው ሰልፍ ነበረው። ዝናብ መጣ። ጃንጥላ አልያዝኩም። ደብዳቤው እንዳይርስ ብዬ በያዝኩት የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ቤት ተመለስኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የሽማግሌዎች ስብሰባ ሆነና ኦቦ ዲንቃ «የጫልቱን አደረስክላት?» አሉኝ።

«አዎ፣ አድርሻለሁ» አልኩ።

ለምን አልኩ? ለማለት ቀላል ስለነበረ። ነገ አደርሰዋለሁ፣ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል ብዬ። ቃለ ጉባኤው ላይም በራሴ እጅ ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ አድርሻለሁ ያልኩትን ደብዳቤ ይዤ መሄድ አሳፈረኝ። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ኦቦ ዲንቃ ዐረፉ። አንድ ቀን አንድ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሁለት ሰዎች «ጫልቱም እኮ ሞተች፣ የለቡዋ» ሲባባሉ ሰማሁ። የትኛዋ ጫልቱ ብዬ አልጠየቅኩም።

አንባቢዎቼ፣ ሌላውን ሁሉ እየቀለድኩ ልነግራችሁ እችላለሁ። ይህንን ግን አልችልም። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ እፎይ አልኩ።

ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ ስሟን ከሞቱት ጋር ስጽፍ እስክሪብቶዬ አልተሳሳተም። ሲመኝ የኖረውን ነው የጻፈው።

ወደ እሁዱ ልመለስ። ከታሪኩ በኋላ የጌታ እራት ነበር። በእኛ ልማድ ሽማግሌዎች ኅብስቱን በትሪ ይዘው በየረድፉ ያዞራሉ። ምእመኑ ከትሪው ወስዶ ለጎረቤቱ ያቀብላል። እኔም ከሽማግሌዎቹ እንደ አንዱ አዞራለሁ፤ ድርሻዬ ሁልጊዜ የኋላ ረድፎች ናቸው፤ እዚያ የሚቀመጡት አርፍደው የሚመጡ ስለሆኑ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ማሳቀቅ እወዳለሁ። ያን ቀን የሚያሳቅቅ ዓይን አልነበረኝም።

አደ ጫልቱ ረድፍ ደረስኩ። ከዳሩ ላይ ናት። ትሪውን ዘረጋሁላት። በሁለት እጇ ተቀበለችው። አየችው። ኅብስቱን ለረጅም ጊዜ ያየችው መሰለኝ። ከዚያ ምንም ሳትወስድ አጠገቧ ላለችው ልጃገረድ አቀበለቻት።

ጎንበስ ብዬ «አደ ጫልቱ፣ ውሰጂ እንጂ» አልኩ በሹክሹክታ።

«እኔ አልተፈቀደልኝም፣ ተክሌ» አለችኝ። «ረሳኸው እንዴ? አንተው አይደለህ የጻፍክልኝ።»

በዓመት አራት ጊዜ እናዞራለን። ያለፉት ዓመታት ደግሞ አሥራ አንድ ናቸው። ለቡ በምትሄድበት ቤተ ክርስቲያንም እንደ እንግዳ ከዳር እየተቀመጠች ትሪው ሲመጣ እንዲሁ በሁለት እጇ እየተቀበለች ስታሳልፍ ኖራለች። ይህንን ያወቅኩት ኋላ ነው፤ ግን እዚያው ቆሜ፣ እጇን ሳይ፣ ያወቅኩት ይመስለኛል። ማሳለፍን የለመደ እጅ ነበር።

ታዲያ ያኔ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ትሪውን ተቀብዬ ወደ ቀጣዩ ረድፍ ሄድኩ።

ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ምሳ ነበር። በአንድ በኩል ጠረጴዛ ላይ የታሪክ ዕቃዎች ተደርድረዋል። የድሮ ፎቶዎች፣ የመጀመሪያው ደወል፣ የሽማግሌዎች የድሮ ቃለ ጉባኤ መዝገብ። ያደራጀሁት እኔ ነኝ። መዝገቡንም የእጅ ጽሑፌ የሚያምርበት ገጽ ላይ ከፍቼ አስቀምጬዋለሁ፤ ሰው «የማን ጽሑፍ ነው?» እንዲል። ጅልነቴ መጠን የለውም።

ሳህን ይዤ ከሰው ጀርባ ልሸሸግ ስል ከዘራዋ ክንዴን ነካ አደረገኝ።

«ና እስቲ፣ ገዳዬ» አለችኝ። «አንድ ጉዳይ አለኝ።»

«አደ ጫልቱ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰው ሞተች ብሎኝ ነው...»

«እሱስ ይሁን፣ ሬሳዬን ያያችሁ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ጉዳዬ ሌላ ነው። ለቡ ያሉት ሰዎች ጥሩ ናቸው። አባል ሁኚ ይሉኛል። ግን ከነበርሽበት መሸኛ አምጪ አሉኝ። እኔ ደግሞ ታግጃለሁ፣ መሸኛ ማን ይሰጠኛል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን በዓሉ ላይ የድሮ አባላት ሁሉ ተጠርተዋል ሲባል ሰማሁ። ሁሉ ከተባለ እኔም አለሁበት ብዬ ነው የመጣሁት። ያ ጉዳዬ... ተወስኖ ነበር?»

መሸኛ ማለት አንድ አባል ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሲዛወር ጉባኤው «ይህች እኅት የእኛ ነበረች፣ ተቀበሏት» ብሎ የሚጽፍላት ወረቀት ነው። ያለ እሱ እንግዳ ነሽ። ብትሞቺም እንግዳ ሆነሽ ነው የምትቀበሪው።

«መዝገቡን... ማየት ያስፈልጋል» አልኳት። መዝገቡ ከኋላዬ ሁለት እርምጃ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። «በሳምንት ውስጥ አጣርቼ...»

«ምንድን ነው የሚጣራው?» አለ ቄስ ዮናታን። ለካ አጠገባችን ቆሟል። ጉዳዩን ነገረችው። እሱ ያን ዘመን ተማሪ ነበር፤ አያውቅም። «ይኸው መዝገቡ እኮ እዚሁ ነው!» ብሎ ደስ ብሎት አነሣው። ሰው ሊረዳ ሲችል ደስ የሚለው ልጅ ነው።

ገጾቹን መግለጥ ጀመረ። እኔ እያንዳንዱን ገጽ አውቀዋለሁ። የጣሪያው ቆርቆሮ የተገዛበት። የመዘምራን ጠብ። የአጥሩ ጉዳይ። አንድ ገጽ በዘለለ ቁጥር ልቤ አብሮ ይዘላል። ስልክ ቢደወልለት፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ሰው ቢጠራው ብዬ ተመኘሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ደግ ዝናብ የት አባቱ ይገኛል!

«አገኘሁት!» አለ። ጮክ ብሎ አነበበ። «የወይዘሮ ጫልቱ እገዳ በሙሉ ድምፅ ተነሥቷል።»

አደ ጫልቱ ከዘራዋን ጨበጥ አደረገች።

«ቆይ፣ ቀጥሎም አለ። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ...» ጣቱን አወረደ። «ደብዳቤውንም አቶ ተክሌ ቤቷ ድረስ ሄደው በእጇ ሰጥተዋታል። አብረውም ጸልየዋል።»

አዎ። ጸሎቱንም ጨምሬበት ነበር።

ዮናታን ቀና አለ። ፊቱ ላይ ያለው ርኅራኄ ነው፣ ክፋት የለበትም። «እማማ» አላት፣ «ደብዳቤው ደርሶዎታል እኮ ይላል። ጋሽ ተክሌ ራሳቸው አምጥተውልዎት ነበር። ምናልባት... ረስተውት ይሆን? ዕድሜ ነውና።»

አደ ጫልቱ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ መዝገቡ። በራሷ ጭንቅላት ውስጥ ስትፈልግ ታየኛለች፤ በር ከፍታ፣ ጓዳ ገብታ፣ መሳቢያ ጎትታ እንደምትፈልግ ዓይነት። «እንግዲህ...» አለች ቀስ ብላ። «ከተጻፈ... ረስቼው ይሆናል። ቤቱ ሲፈርስ ጊዜ ጭንቅ ላይ ነበርኩ። ፈይሳም ከሕመሙ ገና ነበር። ይሆናል። ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲያው በራሴ ነው የተራብኩት ማለት ነው?»

ያቺ ደቂቃ ናት። ሕይወቴን የቀየረችው ከተባለ ሌላ ደቂቃ የለኝም።

ምን ያህል ቀላል እንደነበር ልንገራችሁ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መዝገቡ ምስክሬ ነው፣ ቄሱ አምኗል፣ እሷ ራሷ ልትሸከምልኝ ተዘጋጅታለች። ባሮጊት መርሳት ማን ይገረማል? መሸኛዋን ትይዛለች፣ እኔም ኮቴን ለብሼ ወደ ቤቴ። ቀልድም መጥቶልኝ ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል፦ «አደ ጫልቱ፣ መሞትሽንም እኮ ረስተሽው ነው የመጣሽው።» ሕዝቡ ይስቃል። ነገሩ ያልቃል።

አፌን ከፈትኩ። ቀልዱ ልወጣ ልወጣ አለ። ዋጥኩት። ዕድሜ ልኬን የዋጥኩት የመጀመሪያው ቀልድ እሱ ነው፤ እንደ አጥንት ነው የወረደው።

«አልረሳሽም» አልኩ። «አልሰጠሁሽም።»

ዮናታን «ምን አሉ?» አለ።

«አላደረስኩም። ዝናብ መጣና ተመለስኩ። ከዚያ አድርሻለሁ ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ ውሸቱን ጻፍኩት። ደብዳቤው ቤቴ ነው።»

ሳህኔ ላይ ያለው ወጥ ወደ ጫማዬ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። አጠገባችን ያሉ ሰዎች ግማሹ ሰምቶ፣ ግማሹ ምን አለ እያለ ሲጠያየቅ ነበር። አደ ጫልቱ አየችኝ። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«ዝናብ?» አለች።

«ዝናብ።»

«የካፊያ ነው ወይስ የዶፍ?»

«...የካፊያ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። እንደማዘን ይሁን እንደመሳቅ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። ዮናታን ቶሎ ብሎ «እማማ፣ ይምጡ፣ ኅብስቱ አለ፣ አሁኑኑ አብረን...» አለ። እጇን አንሥታ አስቆመችው።

«አይሆንም ልጄ። ያገደኝ ወረቀት ነው፣ የሚፈታኝም ወረቀቱ ነው። እናንተ በሥርዓት ነው የምንሄደው ስትሉ ሰምቼ ነው አሥራ አንድ ዓመት ትሪውን ያሳለፍኩት። አሁን በግቢ ውስጥ ቆሜ አልጎርስም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቤቷ ድረስ ተብለህ አልነበረም?»

«ነበር።»

«እንግዲያው ቤቴ ድረስ» አለችና ከዘራዋን እያስቀደመች ሄደች።

እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ፤ እየሮጥኩ ስል እንደኔ ዓይነት ሰው የሚሮጠውን ማለቴ ነው፣ ሁለት ልጆች በእግራቸው ቀድመውኛል። የመዝሙር መጽሐፉን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። መዝሙሩን በግድግዳ ላይ በመብራት ማየት ከጀመርን ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። ደብዳቤው እዚያው አለ። ቢጫ ሆኗል፣ ግን አልረሰም። በደንብ ነው ያስቀመጥኩት።

ሙሉ ከበሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ያቺ ቅዳሜ ትዝ ትለኛለች» አለች። «ዝናብ ነው ብለህ ተመልሰህ እስኪመሽ ከጎረቤት ጋር ዳማ ስትጫወት ነበር። አሸነፍኩ ብለህ ቤቱን በጩኸት አናጋኸው።» ከዚያ ክራባቴን ፈታችልኝ። «ይሄንን አውልቀህ ሂድ። የሚያምርብህ ቀን አይደለም።»

የለቡ ታክሲ ውስጥ ደብዳቤውን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ረዳቱ «አባባ፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪስዎ ቢከቱት፣ ሰው ይቀመጥ» አለኝ። «አልከተውም» አልኩት። «አንዴ ከትቼው ነበር።»

መብራት ኃይል ወርጄ ሦስት ሰው ጠይቄ ቤቷን አገኘሁ። በሩን የከፈተው ፈይሳ ነው፤ ጠጉሩ ሸብቷል፣ ጤነኛ ነው። አየኝና ዓይኑን አሻሸ።

«ጋሽ ተክሌ? እርስዎም በሕይወት አሉ እንዴ?»

«ለጊዜው» አልኩት።

አደ ጫልቱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም፤ እየጠበቀችኝ ነበር። ደብዳቤውን ዘረጋሁላት። ተቀብላ ጭኗ ላይ ዘረጋችውና በጣቷ ዳሰሰችው። «ዓይኔ አያነብም። አንብበው» አለች። «ቆመህ።»

ቆሜ አነበብኩ። «የተወደድሽ እኅታችን፣ ጉባኤው እገዳውን በደስታ አንሥቷል። ቤትሽ ቤታችን የነበረበትን ዘመን አልረሳንም። በሚቀጥለው የጌታ እራት ቦታሽ ይጠብቅሻል።» በራሴ እጅ የተጻፈ ነው። ያኔ ስጽፈው የኦቦ ዲንቃ ቃል እንደ ማንኛውም የቢሮ ወረቀት በጆሮዬ ገብቶ በእጄ ወጥቶ ነበር። አሁን «አልረሳንም» የምትለዋ ጋ ስደርስ ደግሜ አነበብኳት።

«የዲንቃ ፊርማ የቱ ጋ ነው?» አለች። ጣቷን ወስጄ አስቀመጥኩላት። እዚያው ላይ ብዙ አቆየችው። «በሕይወት እያለ ሰላም አላልኩትም ነበር» አለች። «አንድ ቀን መንገድ ላይ አየሁትና ፊቴን አዞርኩ። ሳይፈታኝ ቀረ ብዬ ተቀይሜው ነበር።»

ይህንን አላወቅኩም ነበር። የኦቦ ዲንቃ ለቅሶ ላይ ለምን እንዳልመጣች ስንገረም ነበር። ለካ የወሰድኩባት ኅብስት ብቻ አይደለም።

«ጸልይ እንግዲህ» አለች። «እሱም ተጽፎ የለ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አፌን ከፈትኩ። ሠርግም ቀብርም ላይ ንግግር አጥቶ የማያውቀው ተክሌ አንድ ቃል አጣ። ቆይታ ቆይታ አደ ጫልቱ ራሷ በኦሮምኛ ጸለየች፤ አጭር ጸሎት ነበረች። ስሜን ሰማሁት። ምን እንዳለችልኝ ፈይሳን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

እንግዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ትልቅ ነገር አልነግራችሁም። በማግስቱ ጉባኤው ፊት ቀርቤ ተናገርኩ፤ ጸሐፊነቱን አስረከብኩ። እኔም ከጌታ እራት ልታገድ ብዬ ጠይቄ ነበር። አደ ጫልቱ ሰምታ «እሱ ቢራብ እኔ አልጠግብም፤ ተዉት» ብላ ላከች። በሚቀጥለው የጌታ እራት መካኒሳ መጣች። ትሪውን ያዞርኩላት እኔ አልነበርኩም፤ ከሩቅ አየሁ። ወሰደች። ከዚያ በመሸኛዋ የለቡዋ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆነች። መሸኛው ሲጻፍላት «በፖስታም በሰውም ላኩት፣ ብቻ በተክሌ እጅ አይሁን» ብላ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከመጽሐፉም በቀረው ቅጂ ሁሉ ላይ ስሟን ከሞቱት መካከል በእጄ ሰርዣለሁ።

በሰው ዘንድ ሳቂታ ሽማግሌ ነኝ። ሰው ስለ ጥፋቴ ሊጠይቀኝ ሲል ቀድሜ በራሴ ላይ እቀልዳለሁ፤ ይስቅና ይተወኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ትሕትና ነው እያልኩ ስሸወድ ኖሬአለሁ። አሁን አንድ ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ሲመጣ፣ ከማን ዕዳ ነው የሚያስጥለኝ ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዴ ይመልስልኛል። እናንተም ቁም ሳጥናችሁ ላይ ያለውን የድሮ መጽሐፍ ገለጥ አድርጉት፤ ውስጡ የሰው ነገር አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ስል ግን ሰው ሆኜ የተለወጥኩ እንዳይመስላችሁ። ያን እሁድ ከአደ ጫልቱ ቤት ልወጣ ስል ካፊያ ጀመረ። ከበሩ ኋላ ጃንጥላዋን አወጣችና እጄ ላይ አስያዘችኝ። ቀይ ነው፣ ጠርዙ ላይ ነጭ አበባ አለው።

«ያዝ» አለች። «አንተ ዝናብ የምትፈራ ሰው ነህ። ግን መልስልኝ፣ ሌላ የለኝም።»

«በዚህ ሳምንት!» አልኳት።

እነሆ በራችን ኋላ እንደተሰቀለ ነው። ሙሉ ባለፈች ቁጥር አንዴ ጃንጥላውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ውጪ ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ነው።